ዋልያስ ባንድ

ሀና ማርያም እርሻ በነበረችበት ዘመን፣ በሬ የሌለው ገበሬ በሰው በሬ ያርስና ምርቱን ያካፍል ነበር። መሀል አዲስ አበባ በየምሽት ክበቡ የሚጫወቱ ብዙ ሙዚቀኞችም ኑሯቸው እንዲሁ ነበር። ጊታሩም ኦርጋኑም የባለቤቱ ነው። ከባለቤቱ የተጣላ ባዶ እጁን ይወጣል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋልያስ ባንድ ተቋቋመ። ባንድ ማለት እንደ አዝማሪ ብቻውን የሚጫወት ሳይሆን ሁሉም የየመሣሪያውን ይዞ በአንድነት የሚጫወት ቡድን ነው። ዋልያሶች መሣሪያውን የራሳቸው አደረጉ። ሂልተን ሆቴልም ተዋውለው ሠሩ።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ ወደ ቤት መመለስ ስለማይቻል ወጣቱ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሶ፣ እስኪነጋ ሲጨፍር ያድራል። የፈረንጅ ዘፈን የለመደው ጆሮ የአገሩን ዜማ በኦርጋን ሰማ። የዘፈን ግጥም በመንግሥት ይመረመር ነበር። በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላቸው ግን አብዛኛው ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ ነው። ግጥም የሌለውን ምን ብሎ ይመረምሩታል?

በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዱ። ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ፤ ባንዱም ተከፈለ። ከቀሩት አንዱ፣ የደብረ ብርሃን ተወላጁ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ፣ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ የያዛትን ትንሽ ኪቦርድ እያወጣ ይጫወት ነበር።