ያዩትን ለይቶ መግለጽ፤ ስለ ቆሰለች ድመት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች ድመት የምትወደደው ለመልኳ ብቻ አይደለም። በቆሎውና ጤፉ ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ እህሉን ከአይጥ የምትጠብቀው እርሷ ናት። እንዲህ ያለችው ድመት ለአደን እንደ ወጣች አድራ፣ በማግሥቱ የኋላ እግሯን እየጎተተች ብትመለስ ምን ታደርጋላችሁ? ምናልባት በመንገድ ላይ መኪና ገጭቷት ይሆናል፤ ምናልባትም ውሻ ይዟት ይሆናል። ድመቲቱ «አመመኝ» አትልም። ስለ እርሷ የምትናገሩላት እናንተ ናችሁ።

ድመቲቱን በቅርጫት አድርጋችሁ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወሰዳችኋት እንበል። የእንስሳት ሐኪሙ «ምን ሆነች?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ከሚከተሉት መልሶች አንዱን ልትሰጡ ትችላላችሁ። ሁለቱን አስተያዩ።

ሀ) ድመቷ በጣም ታማለች፤ ታሳዝናለች።

ለ) ድመቷ ከትናንት ማታ ጀምሮ የቀኝ የኋላ እግሯን አትረግጥበትም። ጭኗ አብጧል። ውኃ ጠጥታለች፤ ምግብ ግን አልቀመሰችም። ስትሸናም አላየናትም።

የመጀመሪያው መልስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሐኪሙን አንዲት እርምጃ አያራምደውም። «ታሳዝናለች» የሚለው ቃል የሚነግረን ስለ ተናጋሪው ስሜት እንጂ ስለ ድመቷ ሁኔታ አይደለም። በሁለተኛው መልስ ውስጥ ግን ያለ ሥራ የተቀመጠ ዐረፍተ ነገር የለም። በመኪና የተገጨች ድመት ፊኛዋ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ መሽናቷና አለመሽናቷ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። ድመት ለጥቂት ቀናት ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ምግብ አለመቅመሷም እንዲሁ። ያዩትን ለይቶ መግለጽ ማለት ይህ ነው።

ልብ በሉ፤ ያዩትንና የገመቱትን መቀላቀል ቀላል ነው። ድመት ደስ ሲላት ከጉሮሮዋ የምታሰማውን ተከታታይ ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይህንኑ ድምፅ በጽኑ ስትታመምም ታሰማዋለች። ስለዚህ «ደስ ብሏታል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ገመተ እንጂ አላየም፤ «ከጉሮሮዋ ድምፅ ታሰማለች» ብሎ ቢጽፍ ግን ፍርዱን ለሚያውቅ ሰው በተወው ነበር።

አሁን ወደ ግሦቹ እንለፍ። አንዲት ፊደል ምን ያህል ነገር እንደምትለውጥ ከሚከተሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ።

ድመቷ ትነክሳለች።
ድመቷ ታነክሳለች።

የመጀመሪያው «ነከሰ»፣ የሁለተኛው «አነከሰ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ብዙ ተማሪዎች በ«አነከሰ» ላይ ያለችውን «አ» እንደ ተጨማሪ ምዕላድ ይቆጥሯታል፤ ስሕተት ነው። ይህች «አ» በግእዙ «ሐንከሰ» ላይ የነበረችው «ሐ» ናት፤ «አንካሳ» የሚለውም ቃል ከዚያው ነው። ሐኪሙ ታነክሳለች የሚል ጽሑፍ ቢያነብ አጥንቷን ይዳስሳል። ትነክሳለች የሚል ቢያነብ ግን አስቀድሞ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ያስባል፤ በሽታው ድመትንም ይይዛልና። (የቆሰለች ድመት ብትነክሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ የሰዋስው ትምህርት ባይሆንም ሳይነገር መታለፍ የለበትም።)

ቀጥሎ «አመመ» ከሚለው ግሥ የሚወጡትን ቃላት እንመልከት። «እግሯን አመማት» ስንል ድመቷ ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለችም፤ «ራባት»፣ «ጠማት»፣ «በረዳት» እንደምንለው ነው። «ታመመች» ስንል ግን ባለቤቷ እርሷው ናት። በእነዚህ በሁለቱ ላይ «አስ» ሲጨመር ሁለት በጣም የተራራቁ ግሦች ይወለዳሉ፦

አስ + አመመ = አሳመመ
አስ + ታመመ = አስታመመ

በቅርጽ ሁለቱም አስደራጊ ይመስላሉ። ቅርጹን ብቻ ያየ ሰው «አስታመመ» ማለት «እንዲታመም አደረገ» ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቋንቋው ግን ቃሉን ያዋለው ከበሽተኛው አጠገብ ሆኖ ለሚንከባከብ ሰው ነው። በሥራ ላይ ሲታይ ግን አስታማሚ ነኝ የሚለው ሰው ሳያውቀው ሊያሳምም ይችላል። ለምሳሌ ሰው የሚወስደው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። የተሰበረ እግርን አጥብቆ ማሰርም እንዲሁ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። በአንጻሩ የዳሌ ስብራት ብዙ ጊዜ ድመቷን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጆንያ በተነጠፈበት ሰፊ ሣጥን ውስጥ በማቆየት ብቻ ይገጥማል። ይህ ሁሉ ሐኪም ካያት በኋላ የሚደረግ ነው።

ሁለቱን ግሦች በአንድ እንስሳ ታሪክ ላይ አብረን ለማየት ለጥቂት ጊዜ ከጎጃም ወጥተን ወደ ሆለታ እንሻገር፤ እንስሳው አንበሳ ነው፤ አንበሳም ከድመት ወገን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሆለታ አቅራቢያ፣ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ያቋቋመው እንስሳ ኮቴ የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። ስፋቱ 77 ሄክታር ነው። ከሕገ ወጥ ንግድና ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎችና ሌሎችም እንስሳት ይጠለሉበታል። ከእነርሱ አንዱ ዶሎ የተባለው አንበሳ ነበር፤ ስሙን ያገኘው በደቡብ ድንበር ካለችው ከተማ ነው። ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ በመኖሩ የአንገቱ ጋማ አልቆ፣ ዐይኑም ደክሞ ነበር። መጠለያው ውስጥ ሳፊያ ከተባለች ሴት አንበሳ ጋር ኖረ።

ስለ ዶሎ «ዳነ» እንበል ወይስ «አገገመ»? «ዳነ» ከበሽታው ፈጽሞ ተላቀቀ ማለት ነው። «አገገመ» ግን ከሕመም በኋላ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ተመለሰለት እንጂ የጎደለው ሁሉ ሞላለት ማለት አይደለም። የዐይኑ ብርሃን ሙሉ ስላልነበረ ሁለተኛው ግሥ የተሻለ እውነት ይናገራል። ለቁስል ደግሞ ሌሎች ግሦች አሉን፤ ሲብስ «አመረቀዘ»፣ ሲደርቅ «ጠገገ»፣ ሲድን «ሻረ» እንላለን።

መልመጃ

1. በባዶው ቦታ «ነከሰች» ወይም «አነከሰች» የሚለውን አግቡ።
ሀ) ድመቷ እሾህ ስለ ወጋት _____።
ለ) ቁስሏን ስነካት እጄን _____።

2. «ድመቷ ተናዳለች፤ ሰውም ጠልታለች» የሚለው ግምት ነው። ይህን ሊያስገምት የሚችል፣ በዐይን የሚታይና በጆሮ የሚሰማ ነገር ብቻ የያዙ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።

3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ያለን የቆሰለ እንስሳ (ጀርባው የተላጠ አህያም ሊሆን ይችላል) ሳትነኩት ለሦስት ቀናት ተመልከቱ። በየቀኑ ያያችሁትን ለእንስሳት ሐኪም እንደምታስረዱ አድርጋችሁ በዐሥራ ሁለት መስመር ግለጹ። «ያሳዝናል» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ።