የመንፈስ ጭንቀትና የስብዕና መቃወስ አብረው ሲገኙ

ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ አስተኛው፣ በመልአኩም እጅ እንጀራና ውኃ ላከለት (1ነገ. 19)። እኛ ግን የታመመውን ወንድማችንን «እምነቱ ቀዝቅዟል» ለማለት እንቸኩላለን። ስለዚህ አብረው ስለሚገኙ ሁለት ሕመሞች ጥቂት እንማር።

1. ሁለቱን ለይቶ ማወቅ

የመንፈስ ጭንቀት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚዘልቅ ኀዘን ወይም የደስታ መጥፋት ነው፤ እንቅልፍን፣ ምግብንና ጉልበትን ይነካል። ሐኪሞች «ቦርደርላይን» በሚሉት የስብዕና መቃወስ የሚሠቃይ ሰው ግን ስሜቱ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል፤ የሚወደው እንዳይተወው አብዝቶ ይፈራል፤ ዛሬ ያከበረውን ወዳጅ ነገ ይጠላል፤ አንዳንዴም የራሱን አካል ይጎዳል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ይደራረባሉ። ያን ጊዜ የጭንቀት መድኃኒት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ የስብዕናው መቃወስ በምክር ሕክምና ሲሻል ግን ጭንቀቱም አብሮ ሊቀል ይችላል።

2. አንድ ምስክርነት

ካቶሊካዊቷ አሜሪካዊት ማርሻ ሊነሃን እ.ኤ.አ. በ1961፣ በ17 ዓመታቸው፣ ራሳቸውን ይጎዱ ስለ ነበር ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም ገቡ፤ ከሁለት ዓመት በላይም ቆዩ። ሐኪሞቹ ሕመሙን በሌላ ስም ጠርተውት ነበር። በ1967 በቺካጎ በአንድ ጸሎት ቤት ሲጸልዩ የተወደዱ መሆናቸው ተሰማቸው። በኋላም የሥነ ልቡና ምሁር ሆነው ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን የሚሆን ሕክምና አዘጋጁ፤ ውጤቱም በ1991 ታተመ። መሠረቱ ሕመምተኛውን እንዳለ መቀበልና እንዲለወጥ መርዳት ነው። የራሳቸውን ታሪክ በይፋ የተናገሩት በ2011 ነበር።

3. ተግባራችን

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሐኪሞች አይደለንም፤ ይሁን እንጂ ልናደርገው የሚገባን አለ። የማንፈጽመውን ተስፋ አንስጥ፤ የሰጠነውን ቀጠሮ እናክብር፤ ቢቆጣን አንራቀው። ሞትን የሚመኝ ቢመስለን በቀጥታ እንጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። አዎን ካለን ብቻውን አንተወው፤ ምስጢር እንጠብቅልሃለን ሳንል ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሕክምና እናድርሰው። ጸሎትና ምሥጢራት ሐኪምን አይተኩም፤ ሐኪምም እነርሱን አይተካም። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ከባድ የአእምሮ መታወክ ራሱን ያጠፋን ሰው ኃላፊነት ሊቀንስ እንደሚችል ያስተምራል፤ ስለዚህ ኀዘንተኛውን ቤተሰብ በፍርድ አንጨምርበት።

ኤልያስ ከበላና ካረፈ በኋላ መንገዱን ቀጠለ። እኛም አስቀድመን እንጀራውን እናቅርብ።