የምንጎትተውን ሸክም እንመርምር

በዚህ ትምህርት ስለ ትዕግሥት፣ ራስን ስለ መመርመርና ስለ መተው አብረን እንድናስብ እንወዳለን። ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣነውም፤ ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ከሚገኘው ከጋፋት ነው።

የጋፋት መድፍ

አጤ ቴዎድሮስ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ ንጉሥ እንደ ነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህም ዓላማ መሣሪያ በአገር ውስጥ እንዲሠራ ፈለጉ። ወንጌልን ለማስተማር ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲያፈሱላቸው አዘዙ። ሰዎቹ እንዲህ ያለ ሥራ አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደጋግመው ሞክረው በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ ተሠራ።

መድፉ ሲያልቅ ግን ዓመፅ በየአቅጣጫው ተነሥቶ የንጉሡ ግዛት እጅግ ጠቦ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ሴባስቶፖልን ትተው አልሄዱም። ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሡም ከሕዝቡ ጋር በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ፣ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ሠዉ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ።

የንጉሡን ጽናት ማንም አይክድም። እኛ ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። መድፉ የተሠራው ለአንድ አገር አንድነት ነበር። አገሩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ በዚያ ገደል የጎተተው ምን ነበር? መሣሪያው ዓላማውን ተክቶ ቢሆንስ?

መድፉን ከሠሩት አንዱ

በጋፋት ከነበሩት ባለሙያዎች አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ይባላል። እርሱም እስከ መቅደላ ተወስዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ነፃ ሲወጣ የብዙ ዓመት ድካሙን ሁሉ ወደ ኋላው ትቶ ወጣ። ከዚያ ወደ ሊባኖስ ሄደና በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ። በዚያ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ይህን አይቶ ለእነርሱ መታከሚያ ስፍራ ለማግኘት ደከመ፤ በ1900 በአስፉሪዬ ሆስፒታሉ ተከፈተ። መድፍ ያፈሰሰው እጅ የታሰሩትን ለመፍታት ዋለ። ከመቅደላ እስከዚያ ቀን ግን ከ30 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። መተው በአንድ ቀን ይሆናል፤ ፍሬው ግን ትዕግሥትን ይጠይቃል።

የእኛ ሸክም

እኛም ስንጎትተው የቆየን ሸክም እንደ ነበረን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት አንድ ቀበሌ፣ የተራቆተ ዳገት ከከብት ለመከለል ዕቅድ አወጣን። ጉና የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው፤ አፈሩ ሲታጠብ ጉዳቱ እስከ ጣና ይወርዳል። ስለዚህ ዓላማችን መልካም ነበር። ክረምት ሳይገባ እንዲያልቅ ግን ቸኮልን።

በስብሰባው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ በሬዬን የት ላሰማራው?» አሉ። እኛም፣ «አባቴ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሣሩ ይተርፍዎታል» ብለን መለስን። እርሳቸው የጠየቁት ስለዚያ ሳምንት ነበር። ሌሎቹ ዝም አሉ፤ እኛም ዝምታውን እሺታ አድርገን ቆጠርነው። በሰኔ አንድ ጠዋት ስንሄድ አጥሩ ተነቅሎ፣ ከብቶቹ በችግኙ መካከል ቆመው አገኘናቸው።

በዚያ ማታ ተቆጥተን ሥራውን ዘግተን ለመሄድ ተመካከርን። ከመካከላችን አንዱ ግን፣ «ያናደደን የገበሬው ጉዳት ነው ወይስ ሪፖርታችን?» ብሎ ጠየቀ። ለረጅም ጊዜ መልስ የሰጠ አልነበረም። ሁላችንም መልሱን እናውቀው ነበርና።

በማግስቱ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ዕቅዱን ትተን ያን ክረምት በማዳመጥ አሳለፍን። መስከረም ሲጠባ እርሳቸው ራሳቸው ከማሳቸው በታች ያለውን ቦረቦር አሳዩን፤ «ከዚህ እንጀምር» አሉ። ቦታው ትንሽ ስለ ነበረ ከብቱ መሰማሪያ አላጣም። ድንጋይ ተካብን፤ ከዓመት በኋላ ሣሩ ታጭዶ ለበሬዎቹ ተሰጠ። ትልቁ ዳገት ዛሬም አልተከለለም። የቦረቦሩን ካብ ግን ያፈረሰው የለም፤ ድንጋይ ሲወድቅ ጎረቤቶቹ ሳንጠራቸው ይመልሱታል።

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፣ ሸክምን ሁሉ መጣል ጥበብ አይደለም፤ ሁሉን ጨብጦ መሄድም ጽናት አይባልም። ዘር የሚዘራ ሰው እህሉን ከእጁ ካልለቀቀ አያጭድም፤ ከለቀቀም በኋላ በየቀኑ አፈሩን እየቆፈረ አያይም።

ለግልና ለቡድን ጥናት

1. በአሁኑ ጊዜ የምደክምለት ነገር መጀመሪያ ለምን ነበር? ያ ምክንያት ዛሬም አለ?
2. ሥራዬ ሲሰናከል የሚያስቆጣኝ የሰዎቹ ጉዳት ነው ወይስ የእኔ ስም?
3. የማንን ዝምታ እሺታ አድርጌ ቆጥሬአለሁ? በዚህ ሳምንት ወደ እርሱ ሄጄ ላነጋግረው እችላለሁን?