ከፍታ፣ ብርድና የዱር አራዊት፦ አንድ ቀን በሰሜን ተራሮች

የዱር አራዊትን መጎብኘት የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ድርሻ ብቻ እንደሆነ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ከዓመታት በፊት ተማሪዎቻችንን ይዘን ከደብረ ታቦር ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስንነሣ፣ «የፊዚክስ መምህር ከዝንጀሮ ጋር ምን አገናኘው?» ተብለን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተቋቋመ ሲሆን በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። እኛ ደባርቅ አድረን ገና ሳይነጋ ጉዞ ጀመርን። አንዳንድ ተማሪዎች «ለምን ይህን ያህል እንማልዳለን?» ብለው ማጉረምረማቸው አልቀረም። ምክንያቱን ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው አዩት።

ጭላዳ ለምን ፀሐይ ይሞቃል?

ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል እየተንጠላጠሉ ወደ ሜዳው ወጡ። ነገር ግን ወዲያው ሣር መጋጥ አልጀመሩም፤ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀመጡ። ነገሩ ስንፍና አይደለም፤ የሙቀት ሒሳብ ነው።

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ የሙቀት መጠን በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ጨነቅ ከደብረ ታቦር 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስና ደረቅ በመሆኑም ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት በፍጥነት ወደ ሕዋ ትለቃለች። የጭላዳ ምግብ በአብዛኛው ኃይሉ አነስተኛ የሆነ ሣር ነው። ማለዳ ፀሐይ የሚሞቅ ጭላዳ እንግዲህ ከሣር ሊያገኘው የሚገባውን ኃይል በከፊል ከፀሐይ በነፃ ይወስዳል።

ግልገሎቹስ ከእናታቸው ጠጉር ውስጥ የሚወሸቁት ለምንድን ነው? ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ የገጽ ስፋቱ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ይዘቱ 1,000 ኩብ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ንጽጽሩ 0.6 ይሆናል። ጎኑን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ብናሳድገው ንጽጽሩ ወደ 0.3 ይወርዳል። ትንሽ አካል ከይዘቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ትንሽ ነገር ቶሎ ያጣል፤ ይህችን ሐሳብ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ዋልያን በምን እንየው?

ዋልያ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን ተራሮች አካባቢ ብቻ ነው። ጨነቅ ስንደርስ አስጎብኚያችን ማዶ ካለው ገደል ላይ አንድ ዋልያ አመለከተን። ርቀቱን 800 ሜትር ገደማ ገመትነው። የእንስሳው ርዝመት 1.2 ሜትር ቢሆን፣ በዓይናችን ላይ የሚሠራው አንግል 1.2 ለ800 ሲካፈል 0.0015 ራዲያን ወይም 5 የዲግሪ ደቂቃ ያህል ይሆናል። ጤነኛ ዓይን ለይቶ የሚያየው እስከ 1 ደቂቃ ድረስ ነውና ዋልያው ከጎን ወደ ጎን ከአምስት ነጥብ አይበልጥም፤ ቀንዱ ፈጽሞ አይለይም። 8 ጊዜ በሚያጎላ ባይኖኩላር ግን በ100 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ያህል ይታያል።

«እንግዲያው ይበልጥ የሚያጎላውን እንግዛ» እንዳይባል፣ መሣሪያው የእጃችንን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። በባይኖኩላር ላይ 8×40 የሚለው ጽሑፍ ማጉያው 8፣ የፊቱ ሌንስ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። 40 ለ8 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር የብርሃን ጨረር ዓይናችን ይደርሳል። 12×25 ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰጥ በማለዳው ደብዛዛ ብርሃን ምስሉ ይጨልማል።

ከጫፍ በላይ ወዴት ይኬዳል?

ቀኑን ሙሉ ብንጠብቅም ቀይ ቀበሮ አላየንም። ይህ እንስሳ የሚኖረው በኢትዮጵያ ጥቂት ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ ሲሆን፣ የጎልማሶቹ ቁጥር ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። የደብረ ታቦር ጎረቤት በሆነው በጉና ተራራም ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ ጠፍቷል። ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም ከውሾች የሚተላለፍ በሽታ ዋና ምክንያቶች ናቸው። ፊዚክስ ደግሞ ሌላ ስጋት ያሳየናል።

የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ቢጨምር፣ ቀድሞ የነበረውን ብርድ ለማግኘት 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። የጉናን ጫፍ 4,100 ሜትር፣ ጓሳና ጅብራ የሚበቅሉበትን ቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ ከ3,500 ሜትር የሚጀምር ሾጣጣ ቅርጽ አድርገን እንውሰድ። የክፍሉ ቁመት ከ600 ወደ 450 ሜትር ይወርዳል። የሾጣጣ ስፋት ከቁመቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ከመሬቱ የሚቀረው 56 በመቶ ብቻ ነው። በ1 ዲግሪ ለውጥ ግማሹ ያህል ሄደ ማለት ነው። ገብስ የሚዘራው ገበሬም ሙቀቱን ተከትሎ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም።

ከላይ ያልናትን ሐሳብ እዚህ እናገኛታለን። ትንሽ አካል ሙቀቱን ቶሎ እንደሚያጣ ሁሉ፣ በእርሻ የተከበበ ትንሽ ተራራም ከስፋቱ አንጻር ረጅም ዳርቻ ስላለው አራዊቱን ቶሎ ያጣል። ሰፊው የሰሜን ተራሮች ሰንሰለት የያዘውን ጉና መያዝ ያልቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማታ ወደ ደባርቅ ስንመለስ ያ ማለዳ ያጉረመረመ ተማሪ፣ «ጉና ላይ የቀረውንስ ማን ቆጠረው?» ሲል ጠየቀን። ለዚህ ጥያቄ ባይኖኩላር፣ ደብተርና ማልዶ መነሣት ይበቃል።

ለአንባብያን የቀረበ ጥያቄ፦ እርሻው ቀድሞ ወደ ላይ በመውጣቱ ቀዝቃዛው ክፍል የሚጀምረው ከ3,800 ሜትር ቢሆን፣ የ1 ዲግሪ ጭማሪ ከመሬቱ ምን ያህሉን ያስቀራል? ውጤቱን ከ56 በመቶው ጋር አነጻጽሩ።