ሙያውን ሳታዩት አትምረጡት፦ ለሃይስኩል ተማሪዎች



ለዒድ ሰው ቤት ስትሄዱ የምትጠየቁትን አውቀዋለሁ። «ስንተኛ ክፍል ደረስክ? ምን ልትሆን ነው?» እኔም በእናንተ ዕድሜ መልሴ ዝግጁ ነበር፤ «ዶክተር»። ጠያቂው «ማሻአላህ» ይላል፣ አባቴ ደስ ይለዋል፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ነገር ግን አንድም ቀን ሐኪም ሥራውን ሲሠራ ቆሜ አላየሁም ነበር። የማውቀው እኔን ያከመኝን ብቻ ነው፤ እሱንም ለአሥር ደቂቃ።

በዚህ መልስ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሁለት ዓመት ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ተማርኩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ጀመርኩና በሦስተኛው ሳምንት ቦታዬ እንዳልሆነ ገባኝ። ደም ፈርቼ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከታማሚና ከተጨነቀ ቤተሰብ ጋር መነጋገር ልዩ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ያ ትዕግሥት ያላቸውን ሰዎች አየኋቸው። የእኔ ዓይን ግን ሁልጊዜ ወደ ማሽኖቹ ይሄድ ነበር። ያኔ የሁለት ዓመት ክፍያ አልፏል። አባቴ ያን ገንዘብ ያገኘው ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ነው። እነዚያን ሦስት ሳምንታት በ16 ዓመቴ አይቻቸው ቢሆን ኖሮ ምንም ባላስከፈሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ያስተማረኝ

ግራ ገብቶኝ ሳለ አባቴ የሚያውቃቸው አንድ ጋሼ ሥራ ቦታቸውን እንዳይ ፈቃድ ጠይቀው ወሰዱኝ። የሚሠሩት ዋሽንግተን ዲሲ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የብሉ ፕሌይንስ የፍሳሽ ውኃ ማጣሪያ ነበር። ዲሲ ውስጥ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አንዳንድ አካባቢዎች ውዱእ ያደረግንበት፣ ሳህን ያጠብንበት፣ ሽንት ቤት የለቀቅነው ውኃ ወደዚያ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ጨርቁና ቆሻሻው በወንፊት ይያዛል። ከዚያ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል። ቀጥሎ አየር የሚነፋበት ትልቅ ገንዳ አለ፤ በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች የቀረውን ቆሻሻ ይበሉታል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል። ይህ ካልተደረገ ናይትሮጅኑ ወንዙን አልፎ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይደርስና አልጌ ያበዛል፤ አልጌው ሲበሰብስ ዓሣው ኦክስጅን ያጣል።

ክፍል ውስጥ ያሰለቸኝ ኬሚስትሪ እዚያ ሥራ ላይ ነበር፤ ይሸታልም። ጋሼ ሽታው የሚያስጠላኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ያስጠላል፤ ግን ያ ፓምፕ ለምን ቆመ?» አልኳቸው። ሳቁና «እንግዲያው ኢንጂነሪንግ ሞክር» አሉኝ። ዛሬ በውኃ ሥራ ላይ ያለሁ ኢንጂነር ነኝ። የሁለት ዓመቱን ጥያቄ የፈታልኝ አንድ ቀን ነው።

እናንተ ከየት ትጀምራላችሁ?

1. አንድ ሰው ሥራ ላይ እዩ። መስጂድ ውስጥ አጠገባችሁ የሚሰግደው ሰው ነርስ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም ፕሮግራመር ሊሆን ይችላል፤ አልጠየቃችሁትም እንጂ። እንዲህ በሉ፦ «የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ሥራዎ ማወቅ እፈልጋለሁ። የሚቻል ከሆነ ግማሽ ቀን አብሬዎት ልዋል፤ ካልሆነም ለ20 ደቂቃ ልጠይቅዎት።» ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠሩ? ከሥራዎ በጣም የሚያሰለችዎት ምንድን ነው? አሁን 16 ዓመት ቢሆንዎ ምን ይማሩ ነበር? ሁለተኛውን አትዝለሉት። የሥራው አሰልቺ ክፍል የማይከብዳችሁ ከሆነ ምናልባት ሙያችሁ እሱ ነው።

2. በእጃችሁ ሥሩ። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ በእናንተ ዕድሜ ግን ከእጅ ቢጀምር ይሻላል። ትምህርት ቤታችሁ የሮቦት ቡድን ካለው ግቡ። ዲን ኬመን በ1989 የመሠረተው ፈርስት የሚባለው ድርጅት ለሃይስኩል ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ውድድር ያወጣል፤ ተማሪዎቹ ከባለሙያዎች ጋር ሆነው ሮቦት ይሠራሉ። ሮቦት ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ ኮድ የሚጽፍ፣ ሥዕል የሚሠራ ሁሉ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የተበላሸ ማራገቢያ ካለ ከሶኬት ነቅላችሁ ፍቱት። ማይክሮዌቭ ግን አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ገዳይ ኤሌክትሪክ ሊያስቀር ይችላል። ሂጃብ የምትለብሱ እህቶች ደግሞ በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የሻርፑን ጫፍ ወደ ውስጥ አስገቡ።

3. ሰመርን አታባክኑ። የዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ በማሪየን ባሪ ስም የሚጠራው የከተማው የወጣቶች የሰመር ሥራ ፕሮግራም ከ14 እስከ 24 ዓመት ያሉትን እየከፈለ ያሠራል። ምዝገባው ከሰመር ወራት ቀደም ብሎ ስለሚጀምር በጁን መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሜሪላንድ የምትማሩ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠበቅባችኋል፤ ያንን ሰዓት መሞከር በምትፈልጉት ሙያ አካባቢ አውሉት። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ቲ ሌቭል የሚባለውን ትምህርት ጠይቁ፤ ቢያንስ 315 ሰዓት እውነተኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ መሥራትን ይጨምራል።

4. ኮሌጅን ቀድማችሁ ቅመሱ። በብዙ ቦታ የሃይስኩል ተማሪ በአካባቢው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ መውሰድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ክፍያው ዝቅ ያለ ነው ወይም ጭራሹን የለም። የትምህርት ቤታችሁን አማካሪ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቤተሰቦቻችን እዚህ አገር ስላልተማሩ ይህን በር አያውቁትም፤ አማካሪውም ካልጠየቃችሁት ላይነግራችሁ ይችላል።

5. የእጅ ሙያን አትናቁ። አሜሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓመት እየሠሩና እየተከፈሉ መማር ነው። ዕዳ ሳይኖርበት ሙያ የያዘ ወጣት ለቤተሰቡ ውርደት አይደለም።

ከወላጆቻችሁ ጋር

ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ይህን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ለአባቴ ለመንገር አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ስነግረው ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን ያሰብኩትን አልነበረም፤ «ያ ሥራ ቤተሰብ ያስተዳድራል?» አለኝ። ለካስ «ዶክተር» የሚለው ቃል ለእሱ ስም ብቻ አልነበረም፤ ልጄ እንደ እኔ ሌሊት አይንከራተት ማለት ነበር። እኔም የኢንጂነሩን መንገድ በወረቀት ጻፍኩለት፦ አራት ዓመት ትምህርት፣ የመጀመሪያው ፈተና፣ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከዚያ የፈቃድ ፈተና። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሁለተኛ ስለ ሕክምና አላነሳም።

ስለዚህ «አልፈልግም» ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ያያችሁትን፣ ያናገራችሁትን ሰው፣ የሚፈጀውን ጊዜና ወጪ ይዛችሁ ሂዱ። ከቻላችሁም ያንን ባለሙያ ቤት ጋብዙት፤ ቡና ላይ ከአባታችሁ ጋር ያውራ። ዶክተር መሆን የምትፈልጉም ብትሆኑ ይኸው ነው፤ አይታችሁት ከወደዳችሁት ማንም አያናውጣችሁም።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ሰው «ምን ይሠራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን በደብተር ጻፉ። በወሩ መጨረሻ አራት ሙያ ታውቃላችሁ ኢንሻአላህ፤ እኔ በ18 ዓመቴ አንድም አላውቅም ነበር።

ወሰላሙ ዐለይኩም።