ዮንግ ወይስ ጄን? ፊንች ላይ ሰፈር ለመምረጥ

ፊንች አቬኑ የቶሮንቶውን ኖርዝ ዮርክ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ አንድ መንገድ ነው። ከዮንግና ከጄን መንገዶች ጋር የሚገናኝባቸው ሁለቱ ማዕዘኖቹ ግን ሁለት የተለያዩ ሰፈሮች ናቸው። ዮንግ ኤንድ ፊንች በኮንዶ ተሞልቷል፣ ኪራዩም ይወደዳል። ጄን ኤንድ ፊንች ቆየት ያሉ ረጃጅም የኪራይ ሕንጻዎች የበዙበት ነው፣ ስሙም ያስፈራል። ዋጋውንም ስሙንም ለጊዜው ተዉትና በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ፕሬስቶ ካርድ (የባስና የሳብዌይ መክፈያው)፣ ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

ደረጃ 1፦ ሳምንታችሁን ጻፉ።
የቤተሰቡ አባል ሁሉ የሚሄድበትን ቦታና ሰዓት አስፍሩ። ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ እንጀራ የምትገዙበት ስቶር አይቅር። በብዛት የምትሄዱበትን አክብቡት።

ደረጃ 2፦ ከየሰፈሩ አንድ ትክክለኛ አድራሻ ያዙ።
«ፊንች አካባቢ» የሚል ማስታወቂያ አይበቃም፤ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ጠይቁ። ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ሳንቲም አትላኩ።

ደረጃ 3፦ መንገዱን በሥራ ሰዓታችሁ ሞክሩት።
እሁድ ከሰዓት አትሂዱ፤ አያስተምርም። ከዮንግ በኩል ከሆነ ፊንች ጣቢያ የሳብዌዩ ላይን 1 መነሻ ስለሆነ ጠዋት መቀመጫ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ከጄን በኩል ከሆነ በዲሴምበር 2025 የተከፈተውን ላይን 6 የተባለውን ቀላል ባቡር ያዙ፣ ፊንች ዌስት ጣቢያ ውረዱ፣ ከዚያ ወደ ላይን 1 ቀይሩ። ስትሳፈሩ ካርዳችሁን አስነኩ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከቀየራችሁ ሁለተኛ ክፍያ የለም። ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩት ከጣቢያው ሳይሆን ከሕንጻው በር ነው። ሃያኛ ፎቅ ላይ ሊፍት የሚጠበቅበትን ጊዜ ስልካችሁ አይነግራችሁም።

ደረጃ 4፦ የሌሊት ሺፍት ካላችሁ የሌሊቱን መንገድ ለብቻው ፈትሹ።
ሳብዌይ ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም፤ እሁድ ጠዋት ደግሞ ከሌላው ቀን ዘግይቶ ይነሳል። በዮንግ መንገድ 320፣ በፊንች ምዕራብ 336 ቁጥር የሌሊት ባሶች አሉ። ከሥራ የምትወጡበትን ሰዓት ስልኩ ላይ አስገቡና ባሱ በስንት ደቂቃ ልዩነት እንደሚመጣ ጻፉ። ብርድ ላይ ቆሞ መጠበቅ በጥር ወር ሌላ ነገር ነው። ቀን የምትሠሩት ፒርሰን ኤርፖርት ከሆነ ደግሞ ከሎውረንስ ዌስት ጣቢያ በኩል የሚሄደውን 52 ቁጥር ባስ ተመልከቱ። ጣቢያው በላይን 1 ምዕራባዊ ክንድ ላይ ስለሆነ ከጄን በኩል መድረሱ ይቀላል።

ደረጃ 5፦ ቅዳሜ ዳንፎርዝ ድረስ ሂዱ።
የአበሻ ምግብ ቤቱና ስቶሩ የበዛው እዚያ ነው። ከዮንግ፦ በላይን 1 እስከ ብሎር-ዮንግ፣ ከዚያ በላይን 2 ወደ ምሥራቅ እስከ ግሪንዉድ። ከጄን፦ ላይን 6፣ ላይን 1 እስከ ሴንት ጆርጅ፣ ከዚያ ላይን 2። አንድ መቀየር ይጨምራል፤ ዘንቢል ይዞ ሲሆን ይሰማል። ከመውጣታችሁ በፊት የከተማውን ትራንስፖርት የሚያስተዳድረውን የቲቲሲን ማስታወቂያ እዩ። ቅዳሜና እሁድ ሳብዌዩ በጥገና ምክንያት ከፊሉ ብዙ ጊዜ ይዘጋል።

ደረጃ 6፦ ወርሃዊ ወጪውን በሙሉ ደምሩ።
በየአድራሻው ሥር ኪራይ፣ ሃይድሮ (መብራት)፣ ማሞቂያ፣ ውኃ፣ ፓርኪንግ፣ ሎንድሪ ብላችሁ መስመር አስምሩ። በኮንዶ ሃይድሮው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይከፈላል። በቆዩት የኪራይ ሕንጻዎች ማሞቂያና ውኃ ኪራዩ ውስጥ የሚገቡበት ጊዜ ብዙ ነው። «ሁሉም አለበት» ቢሏችሁ «ሁሉም» ያሉትን አንድ በአንድ አስቆጥሯቸው።

ደረጃ 7፦ መኪና ካላችሁ ኢንሹራንሱን ጠይቁ።
ደውሉና ሁለቱንም ፖስታል ኮድ ስጡ። የመኪና ኢንሹራንስ እንደ ሰፈሩ ይለያያል፤ ጄን አካባቢ ከፍ ይላል። በኪራይ ያተረፋችሁትን እዚህ እንዳትጥሉት።

ደረጃ 8፦ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበትን ቀን እወቁ።
ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ደረጃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቅ ይፈርማል። በኦንታሪዮ ከኖቬምበር 15፣ 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበት ቤት የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ የለውም። ከዚያ በፊት ሰው የኖረበት ቤት ግን ጣሪያ አለው፤ ለ2026 2.1 ከመቶ ነው። በሂሳብ እዩት፦ 2,000 ዶላር የሚከፈልበት አሮጌ ቤት በ2026 ያለ ልዩ ፈቃድ ከ42 ዶላር በላይ አይጨመርበትም። አዲሱ ላይ 300 ቢጨመርባችሁ ሕጉ አያስቆመውም። በሁለቱም ጭማሪው በ12 ወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያም ያስፈልገዋል። ዮንግ ዳር ያሉትን አዳዲስ ኮንዶዎች ስታዩ ይህን አስታውሱ። ቤዝመንትም አይዘለል፤ ቤቱ አሮጌ ሆኖ ቤዝመንቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ለኪራይ ተሠርቶ ከሆነ ከጣሪያው ውጭ ሊሆን ይችላል። መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ።

ደረጃ 9፦ የሕንጻውን ነጥብ ፈልጉ።
የቶሮንቶ ከተማ ሬንትሴፍ ቲኦ በተባለው ፕሮግራሙ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ፣ አሥር ቤትና ከዚያ በላይ ያላቸውን የኪራይ ሕንጻዎች እየፈተሸ ነጥብ ይሰጣል። በአድራሻው ፈልጋችሁ አንብቡ። ኮንዶ እዚህ ውስጥ የለም።

ደረጃ 10፦ ልጅ ካላችሁ ትምህርት ቤቱን በአድራሻው አጣሩ።
የትምህርት ቦርዱን ድረ ገጽ ክፈቱ፣ የቤቱን ቁጥር አስገቡ፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ደውሉ። በዮንግ በኩል ያሉት የዊሎዴል ትምህርት ቤቶች ስመ ጥር ናቸው። ሆኖም ቦታ ከመሙላቱ የተነሳ በአንዳንድ አዳዲስ ኮንዶዎች የሚኖሩ ልጆች ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ይላካሉ። ከመስኮት የሚታየው ትምህርት ቤት የእናንተ ነው ብላችሁ አትገምቱ።

ደረጃ 11፦ ዓርብ ማታ ከፌርማታው እስከ በሩ በእግር ሂዱ።
መብራቱን፣ የእግረኛ መንገዱን፣ የሕንጻው በር መቆለፉን እዩ። ስለ ጄን የሚወራው ብዙ ነው፤ ከወሬው የቶሮንቶ ፖሊስ በየሰፈሩ የሚያወጣው የወንጀል ካርታ ይሻላል። ሁለቱንም ሰፈር በዚያው ካርታ ላይ ፈልጉ።

ደረጃ 12፦ ሎንድሪ ክፍል ግቡና አንድ ነዋሪ አነጋግሩ።
ሊፍቱ ይበላሻል ወይ? በረሮ አለ ወይ? ክረምት ላይ ቤቱ ይሞቃል ወይ? አከራዩ የሚደብቀውን ልብስ የምታጥፍ እናት በአምስት ደቂቃ ትነግራችኋለች።

ደረጃ 13፦ ወረቀቱን ዘርጉና ወስኑ።
ብቻችሁን ወይም ጥንድ ከሆናችሁ፣ ሥራችሁም ዳውንታውን ከሆነ ዮንግን ያዙ። ልጆች ካሏችሁና ብዙ ዓመት ለመቀመጥ ካሰባችሁ፣ ሥራችሁም በምዕራብ በኩል ከሆነ በጄን ነጥቡ ጥሩ የሆነ አሮጌ ሕንጻ ፈልጉ። በመንገድ የሚያልፈው ጊዜ ከተቀራረበ ጣሪያ ያለው ኪራይ ያሸንፍ። እኔ ብሆን እንደዚያ አደርጋለሁ።

ደረጃ 14፦ በኦንታሪዮ መደበኛ የኪራይ ውል ላይ ፈርሙ።
ለመግቢያ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ወር ኪራይና የመጨረሻው ወር ኪራይ ነው፤ ከዚያ ውጭ ስትወጡ የሚመለስ የቁልፍ ማስያዣ ሊኖር ይችላል። ለሁሉም ደረሰኝ ተቀበሉ። አከራዩ ለጉዳት ማስያዣ ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ ካላመጣችሁ ካለ ሕጉ አይፈቅድለትም፤ አትክፈሉ።