የአሠራር ድርሰት፦ የሱቁ እሽግና የጓዳው ምጥን

ባለፈው ምዕራፍ አንድ ነገር ምን እንደሚመስል የሚገልጽ ድርሰት መጻፍን ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ ያ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳውን፣ ማለትም የአሠራር ድርሰትን እንማራለን። የአሠራር ድርሰት በቃላቱ ውበት አይመዘንም። ያነበበው ሰው ጸሐፊው አጠገቡ ሳይኖር ነገሩን በገዛ እጁ ሠርቶ ማውጣት ከቻለ ድርሰቱ መልካም ነው፤ ካልቻለ ግን ቃላቱ የቱንም ያህል ቢያምሩ ዋጋ የላቸውም።

የሚከተለውን ምንባብ በጽሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ ግሦቹን፣ ልኮቹንና ምክንያቶቹን ልብ በሉ።

ሀ. ምንባብ

በሆሳዕና ከተማ በትምህርት ቀን ማለዳ በየሱቁ ደጃፍ ያለፈ ሰው ብስኩት፣ ጣፋጭ መጠጥና በተለምዶ ኢንዶሚ የሚባለው ፈጣን ፓስታ ተደርድረው ያያል። በዱራሜና በሺንሺቾም ነገሩ ያው ነው። ከሌሞ፣ ከምሻ ወይም ከአንጋጫ ገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ፣ ከቤት የያዘው ስንቅ ሲያልቅበት እጁን የሚዘረጋው ወደ እነዚህ እሽጎች ነው። ይህም አያስደንቅም፤ ውሃ ከፈላ በጥቂት ደቂቃ የሚደርስ ምግብ ለደከመ ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፈጣኑን ፓስታ እ.ኤ.አ. በ1958 በጃፓን ለገበያ ያቀረበው ሞሞፉኩ አንዶ ነው። የአሠራሩ ምሥጢር የበሰለውን የሊጥ ክር በዘይት ጠብሶ ማድረቅ ነው። ስለዚህም ዘይቱ ከክሩ ጋር ይቀራል፤ በትንሿ ከረጢት የሚመጣው ማጣፈጫ ደግሞ ጨው ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስም 30 ግራም ያህል ስኳር ይዟል፤ ይህ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ የሱቁን እሽግ አውግዞ «የቤት ምግብ ሁሉ ጤና ነው» ማለት ሌላ ስሕተት ነው። ለዚህም እንሰትን እንመልከት። የሀዲያና የከምባታ እናቶች እንሰቱን ፍቀው፣ ከተፋቀው ጭማቂ የሚዘቅጠውን ነጭ ቡላ ይለያሉ። ይህ ቡላ ለያሆዴ በዓል በወተትና በቅቤ ተሠርቶ አተካና ሲሆን የበዓል ማዕድ ብቻ ሳይሆን የተሟላ ምግብም ነው፤ ቡላው ጉልበት ይሰጣል፣ ወተቱ ሰውነትን ይገነባል። ያው ቡላ ወተት በሌለበት ቤት በውሃ ብቻ ተበጥብጦ ለሕፃን አጥሚት ሲሆን ግን ኃይል ሰጪ እንጂ ገንቢ አይሆንም። ሕፃኑ ይጠግባል፤ አያድግም። በዚህ ረገድ የቡላው አጥሚትና የሱቁ ብስኩት ብዙ አይራራቁም።

ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ሆዳቸውና እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የሳሳ ሕፃናትን በሽታ ገልጻ ጽፋለች። የአገሩ ሰዎች በሽታውን ክዋሺኦርኮር ይሉታል፤ ታናሹ ሲወለድ ከጡት የተገፋውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። ልጁ ከጡት ሲለይ የሚሰጠው ምግብ ሆድ የሚሞላ፣ ገንቢነቱ ግን እጅግ ያነሰ ነበር።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ በተካሄደው የሥነ ምግብ ሥራ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ዱቄት ተዘጋጀ። የፋፋ መሠረት እህልንና ጥራጥሬን ማዋሃድ ነው። በእህል ፕሮቲን ውስጥ ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሳል፤ በጥራጥሬ ውስጥ ግን ይበዛል። በጥራጥሬ የሚያንሰው ሜታዮኒን ደግሞ በእህል ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ዱቄት ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ይህ ደግሞ ፋብሪካ የሚጠይቅ ጥበብ አይደለም፤ በማንኛውም ጓዳ ሊሠራ ይችላል።

ምጥኑን ለማዘጋጀት አራት ብርጭቆ ስንዴና ሁለት ብርጭቆ ሽንብራ ያስፈልጋል። ሁለቱም ተለቅመው፣ ታጥበው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። በሚገባ ከደረቁ በኋላ በለዘብተኛ እሳት ለየብቻ ይቆላሉ፤ ሽንብራው ዘግይቶ የሚበስል ስለሆነ አንድ ላይ ቢቆሉ ስንዴው ያርራል። ስንዴው ወርቃማ እስኪሆንና ሽታው እስኪያውድ ድረስ፣ ሽንብራው ደግሞ ልጡ እስኪሰነጠቅ ድረስ ይማሰላል። ሽንብራው ተከክቶ ገለባው ከተበጠረለት በኋላ፣ ሁለቱ ተቀላቅለው፣ ልመው ተፈጭተው ይነፋሉ። ዱቄቱ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጣል። እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ አንዳንድ ሻጋታ መርዝ ስለሚያመነጭ የሻገተ ዱቄት ይጣላል እንጂ ተነፍቶ አይበላም።

ገንፎው ሲሠራ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ በሚፈላ ውሃ ላይ ቀስ እየተባለ ይጨመርና፣ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይንጠባጠብ እስኪሆን ድረስ እየተማሰለ ይበስላል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን አጥሚት በውሃ ይሞላዋል። ገንፎው ከመውረዱ በፊት በደቀቀ ጎመን፣ በእንቁላል ወይም በወተት ይዳብራል፤ ስኳር አያሻውም። ፋብሪካው በዱቄቱ ላይ ቪታሚንና ማዕድን ይጨምራል፤ በጓዳው ምጥን ይህን ጉድለት የሚያቃልሉት ጎመኑና እንቁላሉ ናቸው። ይህ ሁሉ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ነው፤ ከዚያ በታች ላለው የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከስድስት ወር በኋላም ጡቱ አይቋረጥም።

ተማሪውስ? ፓስታውን ቀቅሎ ትንሿን ከረጢት ይተዋት። በምትኩ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጦ በጥቂት ዘይት ያቁላላ፤ ቲማቲም ይጨምር፤ ከዚያም የተቀቀለ ምስር ወይም አንድ እንቁላል ያግባበት። ጊዜው ከእሽጉ በሩብ ሰዓት ቢበልጥ ነው።

ለ. ማብራሪያ

በምንባቡ ውስጥ «ፍጪ»፣ «ጨምሪ» የሚል ግሥ አላገኛችሁም። ትእዛዝ አንቀጽ ጾታንና ማዕረግን ይጠይቃል፤ ለወንድ ፍጭ፣ ለሴት ፍጪ፣ ለብዙዎች ፍጩ፣ ለአክብሮት ይፍጩ እንላለን። የወጥ አሠራር በሴት አንቀጽ ሲጻፍ ወንድ አንባቢ ነገሩ እንደማይመለከተው ይቆጥራል፤ ይህ ደግሞ ብቻውን ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ አይበጀውም። ተደራጊው ግሥ ግን፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል ሲል፣ ማንንም ሳይለይ ለሁሉም ይናገራል።

ቅደም ተከተሉን የሚሸከመው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ ይፈጫል» ስንል አራት ሥራዎችን «ከዚያም» ሳንል በተርታ አስቀምጠናል። ሆኖም ስድስትና ሰባት ቦዝ አንቀጽ የተደረደረበት ዓረፍተ ነገር አንባቢውን መንገድ ያስተዋል፤ አራተኛው ላይ አራት ነጥብ አድርጉ።

የጊዜ ልክ ከምልክት ጋር መሄድ አለበት። «ለአሥር ደቂቃ ይቆላል» የሚለው በከሰልና በማገዶ እሳት አንድ አይሆንም፤ «ሽታው እስኪያውድ ድረስ» የሚለው ግን በየትኛውም እሳት ያገለግላል። የዚህ ምንባብ ጸሐፊ አንድ ጊዜ «ጥቂት ይቆላ» የሚለውን ቃል አምኖ አንድ ምጣድ ሙሉ ሽንብራ አክስሏል። እናቶቻችን «በመጠኑ» ሲሉ መጠኑን በእጃቸው ያውቁታል፤ እጁ ግን በወረቀት ላይ አይጻፍም። ስለዚህ እናታችሁ ስትሠራ አጠገቧ ቁሙ፤ የዘገነችውን ወደ ምጣዱ ከመግባቱ በፊት በብርጭቆ ለክታችሁ መዝግቡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያቱን መጻፍ ነው። «ሁለት ብርጭቆ ሽንብራ ይጨመራል» ብቻ ብንል፣ ሽንብራ የሌላት አንባቢ ሥራውን ትተወዋለች፤ ወይም በእጇ ያለውን ስኳር ድንች ትተካለች። ስኳር ድንቹ ደግሞ ዳግመኛ ኃይል ሰጪ ነው፤ ልጇ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሽንብራው የሚገባው ገንቢ ምግብ ስለሆነ ነው ብለን ብንጽፍላት ግን ራሷ አተሩን ታነሣለች።

ሐ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ምክንያትን የሚያመለክቱ አራት ሐረጎችን አውጥታችሁ እያንዳንዱ ቢቀር አንባቢው ምን ሊሳሳት እንደሚችል ጻፉ።

2. «ሽንብራው ተፈጭቶ፣ ተቆልቶና ታጥቦ ይለቀማል።» ይህን ዓረፍተ ነገር በትክክለኛው ቅደም ተከተል ጻፉ።

3. «ጥቂት ጨው፣ በቂ ውሃና ተመጣጣኝ ቅቤ ጨምሪ» የሚለውን በተደራጊ ግሥ፣ ልኩና ምልክቱ በሚታወቅበት አኳኋን አስተካክሉ።

4. ከሰፈራችሁ ሱቅ አንድ የታሸገ ምግብ ምረጡ። በጀርባው የተጻፉትን ቅመሞች አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፉት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። የበዛውን ቀንሶና የጎደለውን ሞልቶ በቤት የሚሠራበትን መንገድ በሁለት ገጽ ድርሰት ግለጹ። ድርሰቱን ለመምህራችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ያንን ምግብ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው አስነብቡት፤ የጠየቃችሁን እያንዳንዱን ጥያቄ በኅዳጉ ላይ ጽፋችሁ፣ መልሱን ድርሰቱ ውስጥ በተገቢው ቦታ አስገቡ።